ነጥብና መስመር የቆጠረው ሰው፦ የሊዮናርድ ኦይለር ታሪክ

ታዋቂ ሰዎችን እንወቅ በሚለው ዓምዳችን ባለፈው እትም ጓደኛዬ የአበበ ቢቂላን ታሪክ አቅርባላችሁ ነበር። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። እኔ የመረጥኩት ሰው ሯጭ አይደለም፣ ንጉሥ አይደለም፣ ዘፋኝም አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ የኖረ የሂሳብ ሊቅ ነው። ስሙ ሊዮናርድ ኦይለር ይባላል። ሂሳብ የሚለውን ቃል ስታዩ ገጹን ልትገልጡት ነው አይደል? ቆይ፣ አትግለጡት። እስክሪብቶ የተበላበት ታሪክም አለበት።

በነገራችን ላይ እዚህ የምጽፋቸው ዓመተ ምህረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ሴሚስተር አንድ ትልቅ ልጅ በእረፍት ሰዓት የታችኛውን ክፍል ልጆች ሰብስቦ ያወራርድ ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መሬት ላይ በእንጨት አራት ማዕዘን ይስላል፣ ከዚያ ውስጡን ከጥግ እስከ ጥግ በሁለት መስመር ኤክስ ያደርገዋል። እጁን ሳያነሳ፣ አንዱንም መስመር ሳይደግም ይህን ስዕል የሳለ ልጅ ሁለት እስክሪብቶ ያገኛል፣ ያቃተው ደግሞ አንድ እስክሪብቶ ይሰጣል። ሁሉም አቃተው። ታናሽ እህቴ በሁለት ቀን ሁለት እስክሪብቶ ተበላች። እቤት ውስጥ ደግሞ እስክሪብቶ ጠፋ ሲባል ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ማታ ማታ አብረን ደብተር ጀርባ ላይ ሞከርን፣ ሁልጊዜ አንድ መስመር ይቀራል። ከላይ ብንጀምር ይቀራል፣ ከታች ብንጀምር ይቀራል። በመጨረሻ የሂሳብ ቲቸራችንን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ስቀው ይህን ማንም ሰው እንደማይችለው፣ የማይቻል መሆኑን ያሳየው ሰው ደግሞ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንደሆነው ነገሩኝ። እኔ የገረመኝ የማይቻል ነገር የማይቻል መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል የሚለው ነው። ማንም እስካሁን አልቻለም ማለትና መቼም አይቻልም ማለት አንድ አይደለማ!

እንግዲህ ወደ ሰውየው ልውሰዳችሁ።

ኦይለር የተወለደው በ1707 ኤፕሪል 15 ቀን ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል በምትባል ከተማ ነው። ያደገው ግን ከባዝል ወጣ ብላ ባለች ሪየን የተባለች መንደር ነው። አባቱ ፓስተር ነበሩ። ሆኖም በተማሪነት ዘመናቸው ሂሳብ ይወዱ ስለነበር የመጀመሪያውን ሂሳብ ልጃቸውን እቤት ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። በ13 ዓመቱ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ። አስራ ሦስት! ከእኛ ክፍል ሩቡ ያህል አሁን 13 ዓመቱ ነው፣ እኛ ግን ገና ከአልጀብራ ጋር እየታገልን ነው።

የአባቱ ፍላጎት ልጁ እንደሳቸው ፓስተር እንዲሆን ነበር። በዚያ ከተማ ዮሐን በርኑሊ የሚባል ታላቅ የሂሳብ ሰው ይኖር ነበር። ኦይለር እንዲያስጠናው ሄዶ ለመነው። በርኑሊ ሥራ በዝቶበት እምቢ አለ። ግን ጨርሶ አላባረረውም። ከባድ ከባድ መጻሕፍት እንዲያነብ ነገረውና ያልገባውን ብቻ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣ እንዲጠይቅ ፈቀደለት። ልጁ ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ይለፋል፣ ለምን? ቅዳሜ ሲደርስ ጥያቄው እንዲያንስ! መምህሩን በብዙ ጥያቄ ማስቸገር አፍሮ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ኦይለርን ኦይለር ያደረገው ይሄ ቅዳሜ ነው። በኋላ በርኑሊ ራሱ አባትየውን አናግሮ ልጁ ወደ ሂሳብ እንዲሄድ አስፈቀደለት።

በ1727፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ ወደ ሩሲያ ሄደ። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ አዲስ የሳይንስ አካዳሚ ተከፍቶ ነበር። የተገኘለት ክፍት ቦታ የሂሳብ ሳይሆን የሕክምና ትምህርት ክፍል ነበር፤ ሥራ ፍለጋ ያው ሥራ ፍለጋ ነው፣ ተቀበለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሂሳቡ ክፍል ገባ፣ በ1733 ደግሞ የክፍሉ ዋና ሆነ።

እዚህ ጋ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ኦይለር ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1726፣ በዚያው አገር አንድ አፍሪካዊ መኮንን ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ አሠራር ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ በእጅ ጽፎ ለንግሥቲቱ ለካትሪን ቀዳማዊት አበርክቶ ነበር። ይህ ሰው አብራም ሃኒባል ነው፤ የታላቁ የሩሲያ ባለቅኔ የፑሽኪን ቅድመ አያት። በአገራችን የኢትዮጵያ ልጅ ነው ተብሎ ይታወቃል፣ ከካሜሩን አካባቢ ነው የሚሉ ምሁራንም አሉ። ንግሥቲቱ በ1727 ሞተች፣ ሃኒባልም በዚያው ዓመት ወደ ሩቅ ሳይቤሪያ ተላከ። ኦይለር የመጣው እንግዲህ በዚያው ዓመት ነው። አንዱ የጂኦሜትሪ ሰው ሲወጣ ሌላው ገባ ማለት ነው። የእኛም መጽሔት በእጅ ስለምትጻፍ የሃኒባል መጽሐፍ በእጅ የተጻፈ መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ።

ኦይለር በ1734 ካታሪና ግዜል የተባለች የሰዓሊ ልጅ አገባ። 13 ልጆች ወለዱ፣ ከነሱ ያደጉት 5 ብቻ ናቸው። ያኔ ክትባት የለም፣ መድኃኒት የለም። ኦይለር ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሌሎቹ ልጆች ዙሪያውን እየተጫወቱ ይሠራ ነበር ይባላል። ቤት ውስጥ ጫጫታ ስላለ ማጥናት አልቻልኩም የምንል ሁሉ ይሄን እንዴት እናየዋለን?

አሁን ወደ እስክሪብቶው ጉዳይ እንመለስ። ኮኒግስበርግ የምትባል ከተማ ነበረች፣ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ሥር ናት። ፕሬገል የሚባል ወንዝ መሐሏን ያቋርጣል፤ ወንዙ ስለሚከፋፈል ከተማዋ አራት ቦታ ተለያይታለች። አንዱ ቦታ ደሴት ነው። አራቱን የሚያገናኙ 7 ድልድዮች ነበሩ። የከተማው ሰዎች በሽርሽር ጊዜ አንድ ጨዋታ ነበራቸው፦ ሰባቱንም ድልድይ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መዞር ይቻላል ወይ? ማንም አልቻለም። ግን አይቻልም ብሎ የሚያረጋግጥም አልነበረም። ልክ እንደ እኛ ግቢ።

ኦይለር በ1735 መልሱን ለአካዳሚው አቀረበ። ያደረገው ነገር በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሳ ያናድዳል። ከተማዋን ተዋት። የወንዙን ስፋት ተወው፣ የድልድዩን ርዝመትም ተወው። የቀረው የትኛው ቦታ ከየትኛው ጋር በስንት ድልድይ ይገናኛል የሚለው ብቻ ነው። እኛ ዛሬ ስንስለው አራቱን ቦታ አራት ነጥብ፣ ሰባቱን ድልድይ ሰባት መስመር እናደርገዋለን። ከዚያ በየነጥቡ ስንት መስመር እንደሚገናኝ ቆጠራ ነው። ደሴቱ ላይ 5፣ የቀሩት ሦስቱ ላይ 3፣ 3፣ 3።

አሁን በደንብ ተከተሉኝ። መንገድ ላይ ሆነህ አንድ ቦታ ስታልፍ በአንድ መስመር ትገባለህ፣ በሌላ መስመር ትወጣለህ። ስለዚህ በዚያ ቦታ መስመሮቹ የሚያልቁት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ነው። ቁጥራቸው ጎደሎ ከሆነ ግን አንዱ መስመር ጓደኛ ያጣል። ጓደኛ ያጣ መስመር ሊኖር የሚችለው ጉዞው የሚጀመርበት ወይም የሚያልቅበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ ነው፣ መጨረሻም አንድ ነው። ስለዚህ ጎደሎ ነጥብ ቢበዛ ሁለት ነው መሆን ያለበት። ኮኒግስበርግ ግን አራቱም ጎደሎ! በቃ፣ አይቻልም። ሺህ ዓመት ቢሞከርም አይቻልም።

ያንን አራት ማዕዘን ከነኤክሱ ሳሉት። (መሐል ላይ ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበትን ቦታ ተዉት፣ እዚያ አራት ስለሚገናኝ ችግር የለበትም።) አራቱ ጥጎች ላይ ስንት መስመር አለ? 3፣ 3፣ 3፣ 3። ከድልድዩ ጋር አንድ ዓይነት በሽታ ነው። ይህን ለእህቴ ካስረዳኋት በኋላ የሠራችውን ልንገራችሁ። በማግስቱ ሄዳ ልጁን ስዕሉ ላይ ከላይ ጣሪያ ጨምርበት፣ እኔ እስለዋለሁ አለችው። እሱም የባሰ ከበዳት ብሎ እሺ አለ። ጣሪያ ሲጨመር ግን ላይኞቹ ሁለት ጥጎች 4 መስመር ይኖራቸዋል፣ የጣሪያው ጫፍ 2፣ ጎደሎ ሆነው የሚቀሩት ታችኞቹ ሁለት ጥጎች ብቻ ናቸው። እሷም ከታችኛው ጥግ ጀምራ በሌላኛው ታችኛ ጥግ ጨረሰችው። ሁለቱን እስክሪብቶ አስመለሰች። ከላይኛው ጥግ የጀመረ ሰው ግን አይሳካለትም፣ ሞክሩት።

በ1738 አካባቢ የኦይለር ቀኝ ዓይን ጠፋ። በ1741 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ጠርቶት ወደ በርሊን ሄደና እዚያ 25 ዓመት ኖረ። ንጉሡ የሚወደው ቀልደኛና አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር፤ ኦይለር ደግሞ ዝምተኛ፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው። ንጉሡ በአንድ ዓይንነቱ ይቀልድበት ነበር፣ በግሪክ ተረት ውስጥ ባለው ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ፍጡር ስም ይጠራዋል። የአገር ንጉሥ ሆኖ በሰው አካል ጉዳት መቀለድ! እኔ በበኩሌ ፍሬድሪክን ታላቁ ብዬ አልጠራውም።

ግን እዚያው በርሊን ሆኖ በ1750 ለጓደኛው ለጎልድባህ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ነገረው። የጠመኔ ካርቶን አምጡ። ጫፎቹን (ነጥቦቹን) ቁጠሩ፣ 8 ናቸው። ጠርዞቹን (መስመሮቹን) ቁጠሩ፣ 12። ገጾቹን ቁጠሩ፣ 6። አሁን ነጥብ ሲቀነስ መስመር ሲደመር ገጽ፦ 8 − 12 + 6 = 2። እሺ ይሁን። አሁን አራት ማዕዘን ላጲስ ወስዳችሁ አንዱን ጥግ በምላጭ ቁረጡት (እጃችሁን ተጠንቀቁ)። አንድ ነጥብ ጠፍቶ ሦስት አዲስ መጣ፣ ስለዚህ 10 ነጥብ። ሦስት አዲስ መስመር ተጨመረ፣ 15። አንድ አዲስ ገጽ፣ 7። 10 − 15 + 7 = 2! ሌላም ጥግ ቁረጡ። አሁንም 2። ፒራሚድ ብትወስዱ 5 − 8 + 5 = 2። ላጲሱ እስኪያልቅ ብትቆርጡት ሁለቷ አትንቀሳቀስም።

ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ከ2000 ዓመት በላይ ሰው እነዚህን ቅርጾች ሲያያቸው ኖሯል፣ ይህችን ሁለት ግን አላስተዋላትም። ዴካርት የተባለው ፈረንሳዊ ተጠግቶ ነበር፣ ጽሑፉ ግን ሳይታተም ቀረ። ኦይለር ያየው ሌሎቹ ማዕዘንና ርዝመት ሲለኩ እሱ ዝም ብሎ ስለቆጠረ ነው። ማረጋገጫውንም በ1758 አሳተመ፣ እሱ ላይ ግን ክፍተት ነበረበት፤ የተሟላውን ማረጋገጫ በ1794 ሌላ ፈረንሳዊ፣ ለዣንድር፣ አወጣ። ደግሞ ለማንኛውም ቅርጽ አይሠራም። ለምሳሌ እንደ መስኮት ፍሬም መሐሉ ክፍት የሆነ ቅርጽ ብትቆጥሩ 16 ነጥብ፣ 32 መስመር፣ 16 ገጽ ታገኛላችሁ፤ ውጤቱ 2 ሳይሆን 0 ነው። ቀዳዳው ቁጥሩ ውስጥ ገብቶ ይታያል! ይሄ ለእኔ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ነው።

እኛ አንገቱ ልጆች ይህን ነገር በማር ልናየው እንችላለን። የሐረና ጫካ ማር ስንት ሰው ከሩቅ መጥቶ እንደሚገዛው ታውቃላችሁ። የማር እንጀራውን ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ቤቶቹ ሁሉ ባለ ስድስት ጎን ናቸው፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቤት ይገናኛል። ጥያቄዬ፦ ንብ ብትፈልግ በባለ ስድስት ጎን ብቻ ኳስ መሥራት ትችላለች? እንቁጠር። እያንዳንዱ ቤት 6 ነጥብ አለው፣ ግን እያንዳንዷን ነጥብ ሦስት ቤት ይጋራታል፣ ስለዚህ ለአንድ ቤት የሚደርሰው 2 ነጥብ ነው። መስመሩን ደግሞ ሁለት ቤት ይጋራዋል፣ ለአንድ ቤት 3 መስመር ይደርሳል። ገጹ 1። 2 − 3 + 1 = 0። መቶ ቤት ቢሆን ዜሮ፣ ሚሊዮን ቤት ቢሆን ዜሮ። ኳስ ለመሆን ግን 2 ያስፈልጋል። ስለዚህ አይቻልም!

ታዲያ የእግር ኳሳችን እንዴት ተሠራ? ያ ጥቁርና ነጭ የሆነውን ኳስ ብታዩ ነጮቹ ባለ ስድስት ጎን፣ ጥቁሮቹ ባለ አምስት ጎን ናቸው። ለአንድ ባለ አምስት ጎን የሚደርሰውን አስሉ፦ ነጥብ 5/3፣ መስመር 5/2፣ ገጽ 1። 5/3 − 5/2 + 1 = 1/6። (የክፍልፋይ ትምህርት ምን ይጠቅማል ስትሉ የነበራችሁ!) ነጮቹ ዜሮ ስለሚሰጡ ሁለቱን የሚሞሉት ጥቁሮቹ ብቻ ናቸው። 1/6 ስንት ጊዜ ቢደመር 2 ይሆናል? 12 ጊዜ። ኳሱ ላይ ጥቁሩን ቁጠሩ፣ 12 ነው። የነጮቹ ቁጥር ሊለያይ ይችላል፣ በኛ ኳስ ላይ 20 ናቸው። ጥቁሩ ግን ከ12 ንቅንቅ አይልም። ጠቅላላውም 60 − 90 + 32 = 2።

በ1766 ኦይለር ከንጉሡ ጋር ያለው ነገር ስላልጣመው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ። ወዲያው ግራ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ቀኙ ቀድሞ ጠፍቷል፣ አሁን ግራውም ጨለመ። ሰው ሁሉ አበቃለት ብሎ ነበር። እሱ ግን የባሰ ሠራ! በጭንቅላቱ እያሰላ ለልጁና ለረዳቶቹ ቃል በቃል ያስጽፋቸዋል። አንዱን የአልጀብራ መጽሐፉን የጻፈለት የልብስ ሰፊ ተለማማጅ የነበረ ወጣት ነው፤ ልጁ ሂሳብ አያውቅም ነበር፣ እየጻፈ አልጀብራ ተማረ። ኦይለር ከጻፈው ሁሉ ግማሽ ያህሉ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ የተሠራ ነው።

በ1771 የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለጥቂት ጊዜ አየ፣ ከዚያ ቁስሉ አመርቅዞ እንደገና ጠፋ፣ በብዙ ሕመም። በዚያው ዓመት ደግሞ ከተማው ውስጥ እሳት ተነስቶ ቤቱ ተቃጠለ። ማየት ስለማይችል መውጫው ጠፍቶት ሳለ ፔተር ግሪም የሚባል የአገሩ ልጅ፣ የባዝል የእጅ ሙያተኛ፣ እሳቱን ጥሶ ገብቶ ተሸክሞ አወጣው።

ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ከበደኝ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። አያቴ፣ እኛ እቤት አካኮ ነው የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ጎባ ሄደው እንዲታከሙ ቤተሰቡ ይለምናቸዋል፣ እሳቸው ዛሬ ነገ ይላሉ። ይህን ታሪክ ማታ ማታ ሳነብላቸው ኦይለር ዓይኑ ሲጠፋ ምን እንደሠራ ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከዚያ መታከም አለመታከሙን ጠየቁኝ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ለአካኮ አልዋሽም፣ ታክሞ እንዳልዳነ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ቶሎ ብዬ የቀረውን ጨመርኩ። ያኔ ማደንዘዣ አልነበረም፣ ጀርም በሽታ እንደሚያመጣም ሐኪሞች አያውቁም ነበር፣ መሣሪያው አይቀቀልም፣ እጅ አይታጠብም። አሁን ግን ዓይኑ ይደነዝዛል፣ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በቦታው ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ ይገባል፣ ብዙዎችም በማግስቱ ያያሉ። ይህን ያስረዱኝ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ናቸው።

አካኮ መልስ አልሰጡኝም። ኳሱን አምጣ ነው ያሉኝ። በጣታቸው ስፌቱን እየዳሰሱ ባለ አምስት ጎኑን ይፈልጋሉ፣ ሲያገኙ የቆጠሩትን እንዳይደግሙት ከማር ሰም ትንሽ ቆንጥረው ይለጥፉበታል። ኳሱን እያዞሩ ረጅም ጊዜ ቆጠሩ። በመጨረሻ ሰሞቹን አንድ በአንድ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አስራ ሁለት ነበሩ። ከዚያ ቡና ለቀማው እንዳለቀ በመና አድርገን፣ ሳነቴን አቋርጠን ጎባ እንድወስዳቸው ነገሩኝ። ሳነቴ ላይ ብርዱ ኃይለኛ ስለሆነ ጋቢ እንዳልረሳም አስጠነቀቁኝ። ለቀማው አሁን ተጋምሷል።

ኦይለር የሞተው በ1783 ሴፕቴምበር 18 ቀን፣ በ76 ዓመቱ ነው። በዚያ ቀን እንኳ ሥራ አልፈታም። ከሁለት ዓመት በፊት ስለተገኘችው ስለ አዲሷ ፕላኔት፣ ስለ ዩራነስ፣ መንገድ ከጓደኛው ጋር ሲወያይ ውሎ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ትቶት የሄደው ጽሑፍ ብዛት ስለነበረው አካዳሚው እሱ ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ያህል ሲያሳትም ኖረ። በ1911 ሥራዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ማሳተም ተጀመረ፣ ከ70 ጥራዝ በላይ ሆኗል። የኛን ላይብረሪ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዞ ይተርፋል።

አሁን ደግሞ ኦይለር ራሱ ያልደረሰበትን ልንገራችሁ። ነጥብ ውሰዱ። ወደ ጎን ጎትቱት፣ መስመር ይሆናል፤ 2 ጫፍ አለው። መስመሩን ወደ ላይ ጎትቱት፣ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ 4 ነጥብ፣ 4 መስመር። አራት ማዕዘኑን ከወረቀቱ ወደ እናንተ ጎትቱት፣ ኩብ ይሆናል፤ 8 ነጥብ፣ 12 መስመር፣ 6 ገጽ። በየጊዜው የምንጎትትበት አዲስ አቅጣጫ አውታር ይባላል። መስመር ባለ አንድ አውታር፣ አራት ማዕዘን ባለ ሁለት፣ ኩብ ባለ ሦስት አውታር ነው። እኛ የምናየው ሦስት ብቻ ነው። ግን ኩቡን በአራተኛ አውታር ብንጎትተውስ? ወዴት? ጣት መጠቆም አይችልም። መቁጠር ግን ይቻላል!

ደንቡ እንዲህ ነው። ስትጎትቱ የድሮው ቅርጽ ሁለት ይሆናል፣ መነሻውና መድረሻው። ስለዚህ ነጥቡ እጥፍ ይሆናል፣ 8 የነበረው 16። መስመሩም እጥፍ ይሆናል፣ በተጨማሪ እያንዳንዱ የድሮ ነጥብ ሲጎተት አንድ መስመር ያሰምራል፦ 12 + 12 + 8 = 32። ገጹም እንደዚሁ፣ የድሮው እጥፍ እና እያንዳንዱ መስመር ሲጎተት አንድ ገጽ፦ 6 + 6 + 12 = 24። ኩቡ ደግሞ 1 + 1 + 6 = 8። ማንም ሰው በዓይኑ ያላየው ቅርጽ 16 ነጥብ፣ 32 መስመር፣ 24 ገጽ፣ 8 ኩብ አለው። ዓይን ያለውም የሌለውም እዚህ ጋ እኩል ነው።

እንደ ኦይለር ስንቀንስና ስንደምርስ? መስመር 2። አራት ማዕዘን 4 − 4 = 0። ኩብ 8 − 12 + 6 = 2። አራተኛው 16 − 32 + 24 − 8 = 0። ሁለት፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ! ይህን ሁሉ በ1850 እና 1852 መካከል አስልቶ የጻፈው ሉድቪግ ሽሌፍሊ ነው፤ እሱም ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ ለዓመታትም የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ጽሑፉ በጣም ረጅም ነው ተብሎ አናትምም አሉት። ሙሉው የታተመው በ1901 ነው፣ ሽሌፍሊ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ።

የዚህ እትም እንቆቅልሽ፦ ባለ አራት አውታሩን ቅርጽ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጎትቱት። ባለ አምስት አውታሩ ስንት ነጥብ፣ ስንት መስመር፣ ስንት ገጽ፣ ስንት ኩብ ይኖረዋል? ከኩቡ ቀጥሎ ያለውን ባለ አራት አውታር ቁራጭም መቁጠር እንዳትረሱ። ቀንሳችሁ ደምራችሁ ስትጨርሱ ስንት መጣ? መልሱን ከነአሠራሩ በወረቀት ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ክተቱ። ስምና ክፍል ይጻፍበት፣ ባለፈው ስም የሌለው ወረቀት ብዙ ነበር።